ወንድሜ ጥሎት የሄደው እስስት

ጥቅምት 4

ውሸት ነው። እስስት አይረሳም። ሰው ጃንጥላ ይረሳል፣ ቁልፍ ይረሳል። አንዱን ዓይኑን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ እያሽከረከረ የሚያይህን ፍጥረት ግን እንዴት አድርገህ ነው የምትረሳው? የስልኩን ቻርጀር አልረሳ...

እማዬ ግን «ቸኩሎ ነው ልጄ፣ ረስቶት ነው» ትላለች።

ወንድሜ ሄደ። ጎህ ሳይቀድ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር። ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ ብሏል። ለእማዬ ነግሯታል። እኔ እዚያው ክፍል፣ ከጎኑ ባለው አልጋ ተኝቼ... አልቀሰቀሰኝም።

ስነሳ አልጋው ተነጥፏል። ወንድሜ በሕይወቱ አልጋ አንጥፎ አያውቅም! ያኔ ነው መሄዱ የገባኝ።

እስስቱ ከነሳጥኑ መስኮቱ ላይ አለ። ስሙ አለቃ ነው። ያወጣለት ወንድሜ ነው። «ሲራመድ አየሽው? አንድ እግሩን አንስቶ ያስባል። ፈቃድ ስጠኝ ሲሉት እንደሚያቅማማ አለቃ!»

ምን ላድርገው አሁን?

ጥቅምት 5

ወንድሜ ቀለም እየቀመመ ይሠራበት የነበረው ቀለም መሸጫ ቤት ገባሁ። የሱ ቦታ ላይ ቆምኩ። ጋሼ፣ የቀለም ቤቱ ባለቤት፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ቤንዚን፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀማሚዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ቤንዚን እኔ ነኝ። ቶሎ ስለምቀጣጠል።

ቅመማውን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። አስተማሪው «አንቺ ለምንም አትሆኚም» ሲለኝ ደብተሬን ወርውሬ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ቀን፣ ቤቱ በሙሉ ጮኸብኝ። እሱ ብቻ ነው «በቃ ነይ፣ ቀለም ላስተምርሽ» ያለኝ።

ዛሬ ክሬም ቀለም በጠበጥኩ። ሮዝ ወጣ። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር...

ማታ እማዬ፦ «ወይ ልቀቂው ወይ ከክፍልሽ አውጪው! ሰው ዝንብ ያባርራል፣ የኔ ልጅ ለእስስት ብላ ዝንብ ታድናለች!»

ሳጥኑን ወደ አልጋዬ አስጠጋሁት።

ጥቅምት 8

አለቃን ቀለም ቤት ወሰድኩት። ቤት ብቻውን መዋሉ አሳዘነኝ።

ጋሼ የቀለም ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ቢጫው ላይ አስቀመጥነው። ጠቆረ። አረንጓዴው ላይ። ባሰበት። ቀይ ላይ ስናደርገው ጭራሽ ከሰል መሰለ፣ አፉንም ከፈተብን። ሮለር የምንለው ቤት ቀቢ (ሁሌ የቀለም መቀቢያ ሮለሩን ይዞ ስለሚዞር ነው) አገጩን ይዞ መረመረውና «ቀለሙ አልያዘለትም፣ ሁለተኛ እጅ ቅብ ይፈልጋል» አለ። ደንበኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ገና አሁን።

ጋሼ «እዚሁ መስታወቱ ጋ ይቀመጥ፣ ገበያ ይስባል። ስጪኝ» አሉ። አስብበታለሁ አልኳቸው።

ግን ምኑን ነው የማስበው? ልሰጣቸው... ልልቀቀው... ላቆየው... ካቆየሁት ይመጣል። የት ይቀራል? እስስቱን ሊያይ ይመጣል። ከሰጠሁት ግን ለምን ይመጣል?

ለኔ ሲል እንደማይመጣማ አየሁት።

ጥቅምት 9

ደወለ። ለእማዬ። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ።

ጥቅምት 10

«ምን አለሽ?»

«ደህና ነኝ አለ።»

«ስለኔስ?»

ድስቱን ታማስላለች። የሚማሰል ነገር የለውም እኮ፣ ውሃ ነው!

«እማዬ! ስለኔስ?»

«ድምጿን ከሰማሁ አልቆይም አለ። ተመልሼ እመጣለሁ፣ አታገናኚኝ አለ። በቃ አወቅሽ?»

በሩን ወርውሬው ወጣሁ። መንገዱን ዞሬ ዞሬ ተመለስኩ። ድምፄን ከሰማ ይመለሳል። ታዲያ ለምን አልሰማም ይላል? መመለስ ምን ክፋት አለው?

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ስለ እስስቱ ጠይቆኛል። ትልቀቀው ብሏል።»

አዘዘ! ከዚያ ማዶ ሆኖ አዘዘ! እንግዲያው አልለቅም። እልህ ከሆነ እልህ ነው። የኔ ነው።

ጥቅምት 13

አለቃ አይበላም። በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ይጨፍናል። በሳህን የሰጠሁት ውሃ እንደተቀመጠ ነው። ሲነቃ የሳጥኑን ጥግ ይቧጭራል፣ ይቧጭራል... ልቤን ነው የሚቧጭረው።

አንተ ደሞ እንዳትሄድብኝ።

ጥቅምት 14

የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ተራ ስጠብቅ፣ ውሻ የያዘ ሰውዬ ወደ ሳጥኑ አጮልቆ «ምን ሆኖብሽ ነው?» አለኝ።

«ወንድሙ ጥሎት ሄዶ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐኪሟ ሆዱን በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገች። «ስሙ ማን ነው?»

«አለቃ።»

«የኔ እናት፣ አለቃሽ ሴት ናት። ያውም እንቁላል የተሸከመች።»

ክው አልኩ። የምትቧጭረው አፈር ፈልጋ ነው አለችኝ። ቆፍራ እንቁላሏን የምትቀብርበት። ካላገኘች ሆዷ ውስጥ እንደያዘችው ትሞታለች። ውሃም ከሳህን አትጠጣም። ከቅጠል ላይ፣ ጠብታ ጠብታውን ነው። ይኸው በጥም ገድያት ነበር።

«ግን እኮ ካርድ ላይ ስናስቀምጣት ቀለሟን ትለውጥ ነበር!» አልኩ። ትንሽ ኮራ ብዬ።

«ምን ዓይነት ካርድ?»

«የቀለም ካርድ። ቢጫ፣ ቀይ... ሁሉም ላይ ትጠቁራለች።»

«ካርዱ ምን ዕዳዋ ነው? ፈርታ ነው። ስትጨነቅ ትጠቁራለች።»

ያ ሁሉ ሳቅ... እሷ በፍርሃት ከሰል ስትሆን እኛ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል እንላለን።

«ማቆየት አልችልም?» አልኳት።

«ብዙ አፈር ከሰጠሻት ትችይ ይሆናል። ግን የዱር ናት። ከተያዘችበት ቦታ ብትመለስ ይሻላታል። ነገ ዛሬ አትበይ።»

ጥቅምት 15

ጋሼ ባዶ የቀለም በርሜል አጥበው ሰጡኝ። ሮለር አፈሩን ተሸክሞ ሞላልኝ። «ለአለቃ ቤት ሠራንለት» ይላል። «ለአለቂት» አልኩት። በውስጤ በቃ፣ ትቀራለች፣ እኔ ጋ ትወልዳለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አስገባኋት። አፈሩን ነካ አደረገችና ተወችው። እጅጌዬን ይዛ ወጣች፣ ክንዴ ላይ ጠቆረች። ጎንበስ ብዬ በርሜሉን አሸተትኩት። ታጥቦ ታጥቦም የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ይሸታል። ማን እዚህ ይወልዳል?

እዚያው በርሜሉ ጋ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሼ ደንበኛ መጣ ብለው ሄዱልኝ። ማንም አልመጣም።

ወንድሜ፣ እማዬ ቁጥርህን ሰጠችኝ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም። እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ እንዳለ ገልብጬ በስልክ እልክልሃለሁ።

ስማ አንተ። ና አልልህም። ለምን አልቀሰቀስከኝም አልልህም። (አልኩ። ይሁን፣ አልሰርዘውም።) አለቃ ሴት ናት። እንቁላል ይዛለች። አፈር ካላገኘች ትሞታለች። ስታመጣት «አጥር ላይ አገኘሁት» ነው ያልከኝ። የማን አጥር? ከተማው በሙሉ አጥር ነው እኮ! የትኛው ሰፈር? በየትኛው በኩል? ሥሩ አፈሩ ለስላሳ ነው?

እሷን ከለቀቅኩ እኔ ጋ የሚቀር ያንተ ነገር የለም። አውቃለሁ። ትመጣ እንደሆነም በምን አመካኝተህ እንደምትመጣ አላውቅም። አስቤዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ ጨርሻለሁ። እሷ ትትረፍ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውነቷ ይደነዝዛል፣ ቅርንጫፍ መያዝ ያቅታታል። እስከ ነገ ደሞ የምትቆይ አትመስለኝም። ጫማዬን አድርጌያለሁ። ሳጥኑን ይዤ በሩ ላይ ነኝ።

ድምፄን ከፈራህ እማዬ ታንሳው። አጥሩን ብቻ ንገራት። እኔ ከጎኗ ቆሜ ትንፍሽ አልልም። ግን ደውል። የት እንዳለህ፣ ምን እየሠራህ እንደሆነ አልጠይቅህም፣ ደውል ብቻ። ዛሬ። ሳይመሽ ደውል!