የአሥራ ስምንት ደቂቃው መንገድና የእኔ ስድስት ቀን

ሐሙስ፣ መስከረም 9 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ የሁለቱ ደሴቶች በረራ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በመጠበቂያ ክፍልዎ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ደህና ነኝ። ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ነው በወረቀት የመጣሁት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ጽሕፈት ነውና ስሕተቱን ይለፉልኝ።

በቅድሚያ ግድግዳው ላይ ስላሰቀሉት ሰሌዳ አመሰግናለሁ። ከእኛ ደሴት እስከ ማዶው ሰባ ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይላል። በስድስት ቀን ውስጥ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ማዶ ብቻ ነው፤ ምዝገባው ነገ ይዘጋል፤ ጀልባው በማዕበሉ ምክንያት ከቆመ ወር ሆነው። አምናም እዚሁ ስጠብቅ ተዘግቶብኛል። ዘንድሮም ካመለጠኝ ከአባቴ ጎን ቁጭ ብዬ ጫማ መስፋት ነው።

አቤቱታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፦ አውሮፕላኑ የሚይዘው ዘጠኝ ሰው ስለሆነ፣ ሚዛን ያዡ ጋሼ በየማለዳው ከነሻንጣችን ይመዝኑንና ከባድ ከባዱን አስቀድመው ይጽፋሉ። ቀላል ሰው የትም ይገባል ባይ ናቸው። «አንቺማ ላባ ነሽ የኔ ልጅ፤ አንቺን ለማስገባት ምን ችግር አለ?» ይሉኛል። እውነትም ችግር የለም። ስድስት ቀን ሙሉ ያለ ምንም ችግር ቀርቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ማክሰኞ ዕለት ወንበር ተርፎ ተጠርቼ ነበር። ደረጃው ሥር ስደርስ አንዲት ነጋዴ የስፌት መኪናቸውን አስይዘው ከተፍ አሉ። መኪናዋ በኪሎ በለጠችኝና በወንበሬ ላይ ቀበቶ ታስሮላት ሄደች። እንቢ ማለት ሲገባኝ «ግድ የለም» አልኩ። ይህኛው ጥፋት የራሴ ስለሆነ ከሒሳብዎ ይቀነስ።

ሦስተኛ፦ ትናንት አባቴ ክብደት እንዲሆነኝ ብሎ መዶሻውንና ጫማ የሚቀጠቅጥበትን ብረት ሻንጣዬ ውስጥ ከተተልኝ። ጋሼ «ትርፍ ጭነት» ብለው መለሱኝ።

አክስቴ ማዶ በየቀኑ አርባ ደቂቃ በእግሯ እየመጣች ትጠብቀኝና ባዶ እጇን ትመለሳለች። አስልቼዋለሁ፤ እስካሁን ደርሶ መልስ በሄደችበት ጊዜ አውሮፕላንዎ ባሕሩን ሃያ ስድስት ጊዜ ይሻገራል። ፍጥነቱን አደንቃለሁ።

ነገ በማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ። ጋሼ «ውረጂ» ቢሉኝ አልወርድም፤ ድምፄ ቢጠፋ እግሬ አለ። እኔ ሳልጻፍ ማንም አይመዘንም፤ የስፌት መኪናም ቢሆን።

ሰሌዳዎ ከግድግዳው አይውደቅ፣ ወንበርዎም እንደ እኔ አግዳሚ አይቆርቁርዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ላባዋ የጫማ ሰፊው ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ማዶ ላለው ቢሮዎ በፖስታ ልልከው ነበር። ፖስታው የሚሄደው ግን በዚሁ አውሮፕላን ነው፤ ወረቀት ደግሞ ከእኔም ይቀላል። ስለዚህ ከሰሌዳው ሥር ለጥፌዋለሁ፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሲኖርዎ መጥተው ያንብቡት።