ለልጃችን የመረጥሁት ሐኪም

ለታንጉትዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንዴት ሰነበትሽ እንዳልል አፌ ይያዛል። ከተለያየን ዛሬ ሰማንያ ቀን ሆነ። ቁጥሩ አይጠፋኝም፤ አንቺ የሄድሽበት ቀን ልጅሽ የተወለደችበት ነውና። ዛሬ ክርስትና ተነሳች።

ደክሞኛል፣ ታንጉትዬ። ላሟ ወልዳለች። ለጣራው ያጨድሁት ሳር እንደተከመረ አለ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እናትሽ እኛ ጋ ናቸው። እኅትሽ የሺም የራሷን ልጅና ያንቺን ስታጠባ ከስታ ልታልቅ ነው።

ልጅሽ ወር ሳይሞላት ሳል ያዛት። ስትጠባ ትታፈናለች፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ሐኪም የመምረጥ ጣጣ ያኔ መጣ። እርጉዝ ሳለሽ፣ ጎንደር ሕፃን ብቻ የሚያይ ሐኪም መጥቷል ሲሉ ሰምተሽ፣ ልጄን የማሳየው ለሱ ነው ብለሽ ነበር። ማኪናውን ከየት ታመጪዋለሽ ብልሽ፣ ምነው፣ አንተ በቅሎ አትሆነኝም ወይ ብለሽ አሳቅሽኝ። ያ ሳቅ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጎንደር ደግሞ በእግር ሁለት ቀን ነው። ማኪና እንፍራንዝ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ የመጣውም እህል ጭኖ ሞልቶ ያልፋል። አንቺስ ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሰሽ፣ በቃሬዛ አውጥተንሽ ማኪና ስንጠብቅ አይደል የተለየሽን?

ሌላው ሐኪም አያ ሞላ ነው፤ እንፍራንዝ፣ ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ። እሱ ግን በጠላት ጊዜ ለጣሊያን ሐኪም ቤት ቁስል ሲያጥብ የኖረ ነው። እኔ ዱር ለዱር ስንከራተት ባንዳው ማካሮኒ ይበላ ነበር እያልሁ ሰላምታዬን የነፈግሁት ስንት ዓመት ሆነ!

እናትሽ ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ከደጅ አትወጣም፣ የሰው ዓይን ያገኛታል አሉ። እኔም ፈራሁ። መንገድ ዳር መቀመጡን ሳስብ ግን፣ እሷንም እንዳንቺ እዚያው እንዳላጣት ብዬ ተነሳሁ። በጋቢ ጠቅልዬ አዘልኋት። ወንድ ልጅ አዝሎ ሲሄድ ያየ ሁሉ ሳቀ፤ ይሳቅ። የሺ ከኋላ እየተከተለችኝ ቀጥ ብዬ አያ ሞላ ቤት ገባሁ።

አንድም ነገር አላነሳብኝም። ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ። ከጡት ሌላ ምን ትቀምሳለች ብሎ ጠየቀኝ። እናትሽ እንደ አገሩ ልማድ በየማለዳው ለጋ ቅቤ እንደሚያውጧት ነገርሁት። ቅቤው ወደ ሳንባዋ እየገባ ነው፣ ሁለተኛ እንዳትቀምስ አለ። መርፌ ወጋት። ዘጠኝ ቀን እያዘልሁ ተመላለስሁ። እናትሽ፣ ሁላችን በቅቤ አይደለም ወይ ያደግን ብለው ተቆጡ፤ እኔ የቅቤውን ቅል ደበቅሁባቸው። ሳሉ ቀስ እያለ ለቀቃት። አሁን ሸጋ ልጅ ሆናለች፤ መሳቅ ጀምራለች፣ አገጯ ቁርጥ ያንቺ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በዘጠነኛው ቀን ፈራ ተባ እያልሁ ያንቺን ነገር ጠየቅሁት። ዓይኔን ሳያይ፣ ደም የሚያቆም መርፌ ያን ጊዜም እንደነበረው፣ ያድናት ነበር ብሎ ግን ሊምልልኝ እንደማይችል ነገረኝ።

ታንጉትዬ፣ በቃሬዛ ስንወስድሽ በደጁ ነው ያለፍነው። በሩ ክፍት ነበር። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ወደዚያ አየሽ። የባንዳ ደጅ አልረግጥም ብዬ፣ ሰዎቹን ወደ ማኪናው መንገድ እለፉ ያልኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ለሰው አልተናገርሁም፤ ላንቺም መናገሩ ሰማንያ ቀን ፈጀብኝ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ልጅሽ ነፍስ ስታውቅ ግን እናትሽን ደም ወሰዳት ብዬ አላልፈውም፤ አባትሽ በሐኪም ደጅ ይዟት አለፈ ብዬ እነግራታለሁ። አንቺን እስክሞት አልረሳም። ቀና ያልሽበትንም አንገት አልረሳም።