ከብቸኛዋ የቡድን አባል፣ ለነርሶች ትምህርት ቤት ዲን

ለክቡር የነርሶች ትምህርት ቤት ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደህንነት፣ እንዲሁም ስብሰባ የሚያበዛ ሰው ወገቡን ያመዋል ሲሉ ሰምቻለሁና የወገብዎን ነገር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው መንገድ ላይ ክርና የልብስ ቁልፍ የምሸጥ፣ ትምህርቴን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታ ሊገድለኝ ምንም አልቀረው። በልጄ የምርቃት ቀን እርስዎ መድረክ ላይ ቆመው «እኛ የምናፈራው ነርስ ብቻ አይደለም፣ መሪም ጭምር ነው፤ ወላጆች አስተያየታችሁን አትንፈጉን» ሲሉ፣ ከመጨረሻው ረድፍ መዳፏ እስኪቀላ ያጨበጨበችው ሴት እኔ ነበርኩ። አስተያየት በአደባባይ ስለተጠየቅሁ በአደባባይ መመለሴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ።

አንደኛ፤ አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና ልጄ ሁለት ብቻ ነን። የመጨረሻው ዓመት ላይ «አመራርና አስተዳደር» የሚባለውን ትምህርት ስትጀምር፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቡድን እየመራ እንዲለማመድ አዘዛችሁ። ሌሎቹ የአክስትና የአጎት ልጆቻቸውን ሰበሰቡ አሉ። የኔዋ ከእኔ በቀር ማን አላት? ስለዚህ ቡድኑ እኔ ሆንኩ፤ አባሉም እኔ፣ ምክትሉም እኔ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡም እኔው። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ቆመን ርክክብ እናደርግ ጀመር። ርክክብ ማለት፣ ለማያውቅ አንባቢ ልንገረውና፣ ተረኛዋ ነርስ ከመውጣቷ በፊት የበሽተኞቿን ነገር ለምትተካት ነርስ አንድ በአንድ የምታስረዳበት ወግ ነው፤ ተተኪዋ ሳትመጣ ተረኛዋ ንቅንቅ አትልም። እኛ በሽተኛ ስለሌለን ቤቱን ተረካከብን። እኔ «ሽንኩርት አልቋል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ድመቷ በሰላም አድራለች» ስል፣ እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ «የድመቷ የምግብ ፍላጎትስ?» ትለኛለች። እኔም ሳቄን እየዋጥኩ «ደህና ነው አለቃዬ» እላለሁ። ክቡር ሆይ፣ እንደዚያ ዓመት ስቄ አላውቅም። ይህ እንግዲህ ቅሬታ አይደለም፤ ግን አንዴ «አንደኛ» ብዬ ጀምሬያለሁና እንዳለ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ «መሪ የሠራተኛውን ሥራ አይሠራም፣ ሌላ ሰው ይወክላል እንጂ» ብላችሁ ስላስተማራችሁልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ያን ከመስማቷ በፊት እራት ከበላን በኋላ እኔ ሳህን ሳጥብ እሷ ታደርቅ ነበር። የክፍል ጓደኛዋን አኩርፋ መታረቋን፣ የመጀመሪያውን መርፌ ስትወጋ ከበሽተኛው ይልቅ እሷ ልትወድቅ ምንም እንዳልቀራት የሰማሁት እዚያው መታጠቢያው ዳር ነው። ትምህርታችሁ ሲገባት ግን ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «እማዬ፣ ለዚህ ሥራ አንቺን ወክያለሁ፤ እምነት ጥዬብሻለሁ» አለችኝና ወደ ንባቧ ገባች። እኔም እምነት ተጥሎብኝ ብቻዬን አጠብኩ፣ ብቻዬን አደረቅሁ። ሳህኖቹ እንደ መስታወት ጠርተዋል። ወሬያችን የት እንደገባ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ሦስተኛ፤ በልምምዱ ማብቂያ ላይ ተገመገምኩ። ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ መጀመሪያ ጠንካራ ጎኔን፣ ከዚያ ድክመቴን፣ ከዚያ ደግሞ እንዳይከፋኝ ሌላ ጠንካራ ጎን አነበበችልኝ። «ለሥራዋ ታማኝ ናት፤ ነገር ግን ከአጀንዳ ውጭ ታወራለች፤ የድመት አያያዟ ግን የሚመሰገን ነው» ይላል። ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቁልፍ ሊገዛ የመጣ ሁሉ አንብቦ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ገበያተኛው ሲወጣ ግን መልሼ አነበዋለሁ።

አራተኛ፤ ጓደኞቿ እዚሁ ከተማ ሲመደቡ፣ የኔዋ አንደኛ ወጥታለችና «መሪ ናት» ተብላ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ በሚደርስበት ከተማ የክፍል ኃላፊ ነርስ ሆነች። ኩራቴን መደበቅ አልችልም፤ ያልነገርኩት ሰው የለም፣ ፖስታ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ለማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀር ነግሬያለሁ። መናኸሪያው ላይ ስታቅፈኝ በጆሮዬ «ቤቱን አስረክቤሻለሁ» አለችኝ። እየቀለደች ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ «ያጋጠመ ችግር አለ? አስተያየትስ?» ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ሰው ሲጠራት ይሰማኛል። «የለም» እላታለሁ። እንደሚያዩት ከአጀንዳ ውጭ ማውራት ትቻለሁ፤ ግምገማው ሠርቷል ማለት ነው።

አምስተኛ፤ በዚህ ክረምት ከሱቁ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ክቡር ሆይ፣ የትምህርታችሁን ፍሬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ልጄ ከዚያ ሩቅ አገር ሆና በስልክ ሁሉን አሰማራች፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ምግብ አመጣች፣ ፋርማሲስቱ መድኃኒት በእጁ ይዞ መጣ፣ ባለታክሲው ወደ ሐኪም አመላለሰኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ የጎደለኝ ነገር አልነበረም። ሁሉም ግን የተወከለበትን ሥራ ሠርቶ፣ «በይ እትዬ፣ ይማርሽ» ብሎ ይወጣል። የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ቀን ነው። ከወሬዋ መሃል እንዲህ አለችኝ፦ «አንዲት ትልቅ ሴትዮ ደንበኛ አሉኝ፤ ምንም ያልሆነ ቀሚስ ይዘው ይመጡና ‹እስቲ ይህቺ ስፌት ላልታ እንደሆነ እይልኝ› ብለው ቁጭ ይላሉ። ስፌቱ ደህና ነው፤ የሚያወራቸው ሰው ነው ያጡት። እኔም ከመርፌው ቀና ሳልል ‹እስቲ ልየው› እላቸዋለሁ።» ሳቅን። እሷ ከሄደች በኋላ ግን እኔም ስንቴ የተከፈተ ሱቅ ዘግቼ፣ ምንም የማልፈልገውን ልገዛ ሰው ሱቅ እንደቆምኩ ትዝ አለኝና ሳቁ ተወኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ልጄ የዓመት ፈቃድ አላት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ፈቃዱም ይቃጠላል፤ ዓመቱ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ልትመጣ በተነሳች ቁጥር ከነርሶቿ አንዷ ታገባለች፣ የሌላዋ ልጅ ይታመማል፤ እሷም ተራዋን ለእነሱ ሰጥታ በቦታቸው ትቆማለች። «እማዬ፣ መሪ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው» አለችኝ። ማን እንዳስተማራት ሁለታችንም እናውቃለን። ልጄን አልወቅሳትም፤ እሷ የተሰጣትን ትምህርት ወረቀት ላይ አልተወችውም፣ ኖራዋለች። እርስዎን የምለምነው፣ በዚያ ባማረ ትምህርት ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲጨምሩልኝ ነው፤ መሪ እንዴት ወደ ቤቷ እንደምትገባ የሚያስተምር። ለእሷም፣ የእርስዎን ቃል እንደ ሕግ ታየዋለችና፣ «ሂጂ፣ እናትሽን እያት» የምትል አንዲት መስመር ይጻፉላት። እኔ መናኸሪያው ላይ ቤቱን ከተረከብኩ ጀምሮ ተረኛ ነኝ። ተተኪ አልመጣም። ተተኪዋ ሳትመጣ ደግሞ ንቅንቅ እንደማይባል እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁን።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከጠረጴዛዎ የሚወጣው ወረቀት እንዲበዛ፣ ወገብዎ እንዲጸና፣ ያፈሯቸው መሪዎችም አገር እንዲሞሉ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትህትና እሰናበታለሁ።

ታማኝዎ፣
የክርና ቁልፍ ሻጯ፣
የቀድሞ ቡድን ብቸኛ አባል፣ ምክትልና ቃለ ጉባኤ ያዥ፤ የድመት አያያዟ የተመሰገነው

ማስታወሻ፤ ልጄ በልምምዱ ዘመን «አቤቱታ ደረጃውን ጠብቆ ይቀርባል፤ አለቃሽ ካልመለሰልሽ ከእሱ በላይ ላለው ነው» ብላ አስተምራኛለች። የእኔ አለቃ እሷ ናት፣ ከእሷ በላይ እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ በላይስ ማን አለ ብዬ ስጠያይቅ፣ ለካስ እኚያ ለልብስ ሰፊዋ ያልላላ ስፌት የሚያሳዩት ሴትዮ እናትዎ ኖረዋል። እግሬ ደህና ስለሆነ ቅዳሜ እሄድላቸዋለሁ፤ ለመክሰስ አይደለም፣ ለመቀመጥ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁና አይጨነቁ፤ እኔን እንደወከሉ ይቁጠሩት። ሳህን ካለ እኔ አጥባለሁ፣ እሳቸው ያደርቃሉ።