ያላነበብናቸው ሦስት ምዕራፎች

መምህሬ፣

ወደ እናቴ ሄጃለሁ፤ መቼ እንደምመለስ እንጃ። የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል፣ ባልዲው ሲሞላ ድፊው። ከስፌት ቤት ሰው ከመጣ ቀሚሱ አልቆ አልጋዬ ላይ ተጣጥፏል፣ ስጪልኝ።

ስለ ቅዳሜው የንባብ ክበብ ልወቅስሽ አይደለም። አንባቢዎቹ ሁሉ ስለሚወዱት የወጣቶች ልብ ወለድ አስተያየት ይሰጡ ነበር። የእኔ ተራ ደርሶ የእኔን ሳነሳ፣ "በሽተኛዋ ልጅ እኮ መጨረሻ ላይ ትድናለች፤ ይሄ ልጆችን ማታለል ነው" አልሽ። ሰው ሳቀ። ተነስቼ ስወጣ ደግሞ "በመጽሐፍም ይኮረፋል እንዴ?" አልሽኝ።

አልኮረፍኩም። መጽሐፉን ጨርሼው አላውቅም ነበር።

ታናሽ እህቴ ሆስፒታል ተኝታ የማነብላት እሱን ነበር። ሦስት ምዕራፍ ሲቀረን ደከማት።
"እታለም፣ ልጅቷ ግን ትድናለች?" አለችኝ።
"ነገ እናነበዋለን፣ አሁን ተኚ" አልኳት።
ነገን አላየችም።

ትርፍ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ሾርባው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ዛሬውኑ ጨርሺው።

ሦስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ይህን አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው። አንቺም ግን ዓይኔ አብጦ ስታይኝ ምን ሆንሽ ብለሽኝ አታውቂም።

ትናንት ከሥራ ቀርቼ የቀረውን አነበብኩት። እውነትሽን ነው፣ ትድናለች። አጨራረሱም አንቺ እንዳልሽው ማታለል ሳይሆን አይቀርም። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ያን ቀን መጨረሻውን ገለጥ አድርጌ "አዎ፣ ትድናለች" ብላት ኖሮ ደስ ብሏት ትተኛ እንደነበር ነው።