የወይዘሮ ሐረገወይን ነጋ ሕይወትና የማይጾመው ትንፋሻቸው

ወይዘሮ ሐረገወይን ነጋ ከአባታቸው ከአቶ ነጋ ዋኘውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ታከለ በ1921 ዓ.ም. በጠዳ ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ለቅሶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ እንዳመጣ እናታቸው ያወሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው አንሶ የታየው በአንድ ዘመን ብቻ ነው።

በልጅነታቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። መጻፍ ግን ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ተብሎ ቀረ። በ1938 ዓ.ም. ልብስ ሰፊውን አቶ ዳኛውን አግብተው ጎንደር ቁስቋም ገቡ። አቶ ዳኛው ፒያሳ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፉ፣ ወይዘሮ ሐረገወይን በየሰርጉ ዘፈን ያወጡ ስለነበር፣ «ባል ያለብሳሉ፣ ሚስት ያስጨፍራሉ» ይባልላቸው ነበር። ልጅ ዘግይቶባቸው በ1950 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን ብርቱካንን ሲወልዱ፣ ገና ከአራስ ቤት ሳይወጡ በእሷ ሰርግ ደጁን ይዘው ሚዜዎቹን በዘፈን ሊያስጨንቁ ለራሳቸው ቃል ገቡ።

በ1968 ዓ.ም. አስም ያዛቸው። ሐኪም ቤት ሄደው በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ አልተሻላቸውም። መጠኑ ተጨመረ፣ ክኒን ታከለ፣ በሁዳዴ በሁዳዴ መርፌ ሆነ። ቤተሰብም የበኩሉን ምርመራ አካሄደ፦ አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላው ዓይን ነው አለ። አቶ ዳኛው ድመቷን ጠርጥረው ጠዳ ድረስ አጋዟት። ወይዘሮ ሐረገወይን ሰርግ ሲጠሩ ከማጨብጨብ በቀር የሚችሉት አልነበረም። ሞትን ብዙም አልፈሩም። የፈሩት የብርቱካን ሰርግ ቀን አፋቸውን ከፍተው ድምፅ እንዳያጡ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በሃምሳ ዓመታቸው ቀበሌ አዳራሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መጻፍ ተማሩ። አቶ ዳኛው የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርገው ሰቀሉት። ይህ ትምህርት ነፍሳቸውን እንደሚያተርፍ ግን ማንም አላሰበም።

በ1973 ዓ.ም. ዶክተር ሀብተሥላሴ የሚባሉ ወጣት ሐኪም፣ መድኃኒት ከመጨመር በፊት የየዕለቱን ሁኔታ በደብተር እንዲጽፉላቸው ለመኗቸው። አዲስ ጸሐፊ አይሰንፍምና፣ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘሉ «ዛሬ ደህና ዋልሁ»፣ «ዛሬ ታፈንሁ» እያሉ ጻፉ። ዶክተሩ ደብተሩን ሲያገላብጡ «ታፈንሁ» የሚለው ሁልጊዜ ረቡዕና ዓርብ ላይ ሆኖ አገኙት። ሁዳዴ ከገባ ወዲህማ ሌላ ቃል የለም።

«እማማ፣ ረቡዕና ዓርብ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምነው ልጄ፣ ጾም ነው እኮ። በአፍ የሚገባ ነገር አይደለም እንዴ?»

ዶክተሩ አልተቆጡም። እስኪበቃቸው ስቀው፣ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ የሐኪም ፈንታ እንደነበረ ነገሯቸው። መድኃኒቱ የአየር ቧንቧውን እብጠት ቀስ እያለ የሚያበርድ በመሆኑ፣ በየቀኑ ካልተወሰደ የሠራው ሁሉ እንደሚፈርስም አስረዷቸው። ወይዘሮ ሐረገወይን ግን በሐኪም ቃል ጾም የሚያፈርሱ ሰው አልነበሩም። ዶክተሩ ይህን ሲያዩ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት አውጥተው ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ አንዳርጋቸው ጻፉ፤ መድኃኒቱ ምግብ አለመሆኑን ገልጸው፣ በጾምም በፍስክም ጧትና ማታ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። መምሬ አንዳርጋቸው በወረቀቱ ጀርባ መለሱ፦

«ሆድ ይጾማል፤ ትንፋሽ አይጾምም። እንደታዘዘው ይወሰድ። ያስታጎለች ዕለት አርባ ስግደት ትስገድ።»

ስግደቱን ፈርተው ይሁን ጤናውን ወደው፣ ከዚያች ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላስታጎሉም። አስሙ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ በብርድ ወራት ደረታቸው ያፏጭ ነበር፤ ገለባ ከሚነፋበት ቦታም ይርቁ ነበር። ግን ሕመሙ እንዳሻው የሚያደርጋቸው ዘመን አለፈ። ድመቷም በነፃ ተለቃ ከጠዳ ተመለሰች።

ጥር 15 ቀን 1975 ዓ.ም. ብርቱካን ስትዳር ወይዘሮ ሐረገወይን ደጁን ያዙ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ እሳቸው እያወጡ ሴቶቹ እየተቀበሉ ሰዓቱ ነጎደ። በመጨረሻ ከሰርገኞቹ መካከል ዶክተር ሀብተሥላሴ ራሳቸው እንዲበቃቸው ቢለምኗቸው፣ «ያስጀመሩኝ እርስዎ ነዎት» አሏቸው። ያን ቀን ያየናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አላየንም።

ወይዘሮ ሐረገወይን በልብ ሕመም ለሁለት ሳምንት ተኝተው፣ ሐሙስ ጥር 19 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ዳኛውን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ብርቱካንንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ወይዘሮ ብርቱካን ከእናታቸው ድምፁንም አስሙንም ወርሰዋል። ዛሬ ዓርብ ነው። ያችን የመምሬ አንዳርጋቸውን ወረቀት በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው እዚህ ቆመዋል።

ወይዘሮ ሐረገወይን በሚዜዎቹ ላይ ደጁን እንደያዙት ሳይሆን፣ አምላክ ደጁን ከፍቶ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። አሜን።