ባርኔጣ ደፍተህ ስለሰጠኸው ምክር

ለልጄ ለአንሴልሞ፣ ዙሪክ

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተማችን ኮይምብራም እንደ ወትሮዋ ዝናብ ላይ ናት።

አብሮህ የተማረው ሎሬንሶ ነጋ ጠባ ደጄን ያንኳኳል። «አባባ፣ አንሴልሞ ለቀድሞ ተማሪዎች እራት ይመጣል?» ይለኛል።

«ለእናንተ እንጂ ለእኔ መቼ ይነግረኛል!» አልኩት።

ይኼኔ ለአዲሶቹ ተማሪዎች በኢንተርኔት የሰጠኸውን ምክር በስልኩ አሳየኝ። ስለ ድልድይ ሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ታወራለህ፤ ለአባትህ ግን አምስት ደቂቃ የለህም! ደግሞስ ቤት ውስጥ፣ በተማሪ ፊት፣ ባርኔጣ እስከ ቅንድብ መድፋት ከማን ተማርክ? እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ የማውቀውን ነውር! ሸሚዝህም የሌላ ሰው ይመስላል፤ አንገትህ ኮሌታውን አይሞላውም። ቅንድብህንስ ማን ላጨው?

«ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ ሎሬንሶ «ፋሽን ነው፣ አባባ» ብሎ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። እንዲህ ያለ ፋሽን አላውቅም።

የተማሪነት ካባህን አናፍሼዋለሁ። እናንተ የኮይምብራ ተማሪዎች ካባ አይታጠብም ስለምትሉ ውሃ አላስነካሁትም። በግንቦት ና። በእኔ ገበታ ባርኔጣ እንደማይደፋ ታውቃለህ፤ ባርኔጣ ከራሱ የማይለየው አጎትህ እንኳ አውልቆ ነው የሚበላው። ዘንድሮ አንተ ደፍተህ ብትቀመጥ ምንም አልልም።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።

አባትህ ቤልሚሮ