ገጽ አርባ አንድ

የካቲት 3

ዛሬም ደወልኩ። በምሳ ሰዓት፣ ከምሠራበት መነጽር ቤት ጓሮ፣ ድምፄን ቀጠን አድርጌ። "የአሥር ሰዓቱ ድምፅ የሚባል መጽሐፍ ይኖራችኋል?" መጽሐፍ ሻጩ ትንሽ አሰበ… ወይም ያሰበ መሰለ። "አልሰማሁም። አዲስ ነው እንዴ? ማን ልበል?"

"አንባቢ ነኝ" ብዬ ዘጋሁት።

የገዛ መጽሐፌን እንደ ባዳ ስጠይቅ ይሄ ስንተኛዬ ነው? ዘዴውን ያስተማረችኝ ሬዲዮ ናት። (ታናሽ እህቴ። አንዴ ከጀመረች ማጥፊያ የላትም።) "ሰው ደጋግሞ ሲጠይቀው ያስመጣዋል" አለችኝ። ሰው የተባልኩት እኔ ብቻ መሆኔን አላሰበችበትም።

ከሰዓት ሱቁ ጭር አለ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ በተደረደሩት መነጽሮች አልፋ፣ ጣሪያው ላይ ትናንሽ የብርሃን ኩሬዎች ሠራች። ፍሬም መጥረጌን ትቼ እነሱን ሳይ ቆየሁ። ጋሼ፣ ባለሱቁ፣ "ልጄ፣ የት ነሽ?" አለኝ። "እዚሁ" አልኩ። የት ነበርኩ ግን?

የካቲት 5

ዘጠኙ የመጽሐፌ ካርቶን ጓዳ ውስጥ እንደተቆለለ ነው። አሥር ነበር። አንዱ በምረቃው ቀን ለዘመድ ታደለ፣ የተረፈውን ሬዲዮ ፀጉር ቤቷ ወሰደችው።

ወንድሜ ሚስቱን ይዞ መጋቢት መጨረሻ ላይ እኛ ቤት ሊገባ ነው፤ ጓዳው ይፈለጋል። "እስከዚያ ካልወጣልሽ አሮጌ ወረቀት በኪሎ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ" አለኝ በስልክ። በቅንነት ነው። ክፋት የለበትም… የባሰ ያመመኝም ለዚህ ነው።

የአራት ዓመት ጽሑፍ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

እማዬ ማታ የመድኃኒቷን ወረቀት አስነበበችኝ። "ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው" ትላለች።

የካቲት 9

ሬዲዮ ፎቶ አነሳችኝ። ፀጉሬን ሠርታ፣ መጽሐፉን አገጬ ሥር አስደግፋ። "ፈገግ በይ! ዓይንሽን በጨው ታጠቢ እንጂ! ካልተናገርሽ ማን ያውቅልሻል?" ፎቶው ላይ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ መስያለሁ። ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። "ፀጉሯን ማን ነው የሠራት?" የሚል አራት ጥያቄ መጣ። ስለ መጽሐፉ… አንድም። እሷ ሁለት ደንበኛ አገኘችበት።

እዚህ እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየውም። የማፍረው ሰውን አይደለም፤ እማዬን ነው። ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን ቅጂ የሰጠሁት ለእሷ ነበር። ሽፋኑን ዳበሰችው። "ያምራል" አለች። ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። "አነበዋለሁ፣ ምን ያስቸኩላል።" ይኸው ሦስት ወር። ታሪኩ የመጣው ከእሷ ነው። ድሮ የስልክ ኦፕሬተር ሳለች በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሚደውል አንድ ሰው ነበር… አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟት በተቆራረጠ ቃል ነገረችኝ። ሳላስፈቅዳት ጻፍኩት። የቀረውን ከራሴ ሞላሁት።

አንብባ ተቀይማኝ ይሆን? እናቴ ዝም ያለችውን መጽሐፍ ሌላውን ሰው በምን አፌ አንብብልኝ እላለሁ?

የካቲት 12

የማንበቢያ ካርዱ ላይ ሻይ ደፋሁበት። አዲስ መነጽር ለሚሞክር ሰው የምናስይዘው ነው፤ ፊደሉ ከላይ ትልቅ ሆኖ ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል። ስለ እጅ መታጠብ ጥቅም የሚያወራ ነበር። ደንበኛው ሁሉ በቃሉ ይዞት፣ መነጽሩን በግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳይቀር ይወጣዋል።

ጋሼ ደስ አለው። "ተገላገልነው! ያገኘሽውን ነገር ጻፊበት፣ ብቻ ፊደሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይውረድ።"

ያገኘሁትን… ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ያው አንድ ነገር ነው። ገለጥኩት። ገጽ አርባ አንድ ወጣ። ቁጭ ብዬ ተየብኩት፦

ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን የስልክ ማዞሪያው ላይ ሦስተኛው መብራት በራ። ልጅቷ ገመዱን ሰካች። ያ ድምፅ ነው። እንደ ወትሮው ያንኑ ቁጥር ጠየቃት፤ እንደ ወትሮው የሚያነሳ የለም። "አያነሱም፣ ጌታዬ" አለችው። ሰውየው አልዘጋም። ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ "አንቺስ" አላት፤ "አንቺስ ማን

ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል። ካርዱም እዚያ አለቀ። ርዕሱን አልጻፍኩም። ስሜንም። ለምን? እኔ እንጃ።

የካቲት 16

አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። መርፌ ቀዳዳ አልታይ ብሏታል። ካርዱን ያዘች፣ ወረደች፣ ወረደች… ቀና አለች። "ከዚያስ?"

"መነጽሩ ተስማማዎት?"

"መነጽሩን ተዪው፣ እህቴ። ማን ነኝ አለችው?"

"አላውቅም" አልኩ። እኔ! አላውቅም!

የካቲት 19

ዛሬ ሦስት ሰው "ከዚያስ?" አለ። ሦስቱንም ሸኘኋቸው። ቤቴ ስገባ ምሳ አለመብላቴ ትዝ አለኝ።

የካቲት 23

ጡረታ የወጣው የአውቶብስ ሾፌር ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ሁልጊዜ የመነጽሩ ያው ብሎን ላልቶበት። አጠበቅኩለት። "እስቲ መታየቱን ልሞክረው" ብሎ ካርዱን ብድግ አደረገ፣ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ አነበበ።

"ብሎኑን ራስዎ ነዎት የሚፈቱት አይደል?" አልኩት።

ሳቀ። ጥርሱ ጥቂት ነው፣ ሳቁ ግን ሙሉ ነው። "ሠላሳ ዓመት መንገደኛ አድርሻለሁ ልጄ። አንድ ሰው መንገድ ላይ ጥሎኝ ሲሄድ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ይሄ ነገር ከየት ነው የተቀዳው?"

"ከሆነ ቦታ" አልኩ።

ምላሴን ማን ነው የያዘው?

የካቲት 24

ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሸለብ አደረገኝ። መጽሐፎቹ ከጓዳ ተሰልፈው ሲወጡ አየሁ። ሁሉም መነጽር አድርገዋል። እማዬ በር ላይ ቆማ "ቀስ በሉ፣ ደረጃ አለ" ትላቸዋለች። ማንም አይገፋፋም። አንዱ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ።

ጋሼ ሳያስል ቀስ ብሎ አልፎኝ ሄደ። ደግ ሰው ነው።

የካቲት 27

ሬዲዮ ሱቅ መጣች፣ ካርዱን አየች። ጉድ ፈላ!

"አንቺ! እኔ ሰው አንብቡ እያልኩ ፀጉር ማድረቂያ ሥር እለማመጣለሁ፣ አንቺ ሰው አፉን ከፍቶ ሲጠብቅሽ ከሆነ ቦታ ትያለሽ?! ጻፊ! አሁኑኑ!"

"ቀስ በይ፣ ጋሼ ይሰማሻል።"

"ይስማኛ!"

ጻፍኩ። ግን ከታች፣ ከሁሉም በምታንሰው ፊደል፦ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ስሜን፣ እና "እዚሁ ይገኛል" የምትል። ሬዲዮ ካርዱን አስጠግታ አርቃ አየችው። "ይቺን ጉንዳን ማን ያነባታል?"

"መነጽሩ ልክ የሆነለት" አልኳት።

መጋቢት 2

ጋሼ የመጨረሻዋን መስመር በአጉሊ መነጽር አነበባት። ስሜን አሥራ አንድ ዓመት ያውቀዋል። ከሰዓት ከቤታችን አንድ ካርቶን በጋሪ አስመጣና መጽሐፎቹን በመስታወቱ ውስጥ ከፍሬሞቹ ጎን ደረደረ። "ለጌጥ ነው" አለ። አሁን ለደንበኛ ሁሉ፣ "ያቺን የታችኛዋን ካነበቧት መነጽሩ የእርስዎ ነው" ይላል። ሰው እንደ ፈተና ይዟታል። ያነበባት ይኮራል፣ ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞር ይላል…

ሾፌሩ የመጀመሪያውን ወሰደ። "ጸሐፊዋን ታውቂያታለሽ?" አለኝ።

"በሩቁ" አልኩት።

መጋቢት 8

ሦስተኛው ካርቶን ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ለእህቷ ብላ ሁለተኛ ወሰደች። ሾፌሩ የድሮ ባልደረቦቹን ይዞ ይመጣል፤ ግማሾቹ ዓይናቸው ደህና ነው።

ደስ ብሎኛል። ግን ደስታው እንደ ሌላ ሰው ደብዳቤ ነው፣ ይዤው ቆሜያለሁ እንጂ አልከፈትኩትም። ቤት ስገባ የእማዬን ትራስ አየሁ። የመጽሐፉ ጫፍ ይታያል። ቦታውን አልለቀቀም።

መጋቢት 14

እማዬ አንድ ጥቁር አንድ ቡናማ ጫማ አድርጋ ወጥታ ኖሯል። ሬዲዮ መንገድ ላይ አግኝታት አምጥታታለች። "ነገ ሱቅ አመጣታለሁ" አለችኝ። "እኔ ልጃችሁ ነኝ እንዴ የምታመላልሱኝ?" አለች እማዬ። ሳቅን። ከዚያ ሳቄ ቆመ። የመድኃኒቱ ወረቀት… ክር በመርፌ የሚሰካላት ሌላ ሰው… ሽፋኑን ስትዳብሰው…

አይሆንም። ይሆን እንዴ?

መጋቢት 15

ሬዲዮ እንዳለችው እማዬን ሱቅ አመጣቻት።

ጋሼ አስቀምጦ ለካት። ብዙ ቆየ። የዓይን ሞራ የለባትም፣ የቅርቡ እይታ ነው የጠፋባት። "ማንበብ ካቃተዎት ስንት ጊዜ ሆነ፣ እናቴ?" አላት። እማዬ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ወለሉ አየች። "ከመንፈቅ ያልፈኛል።"

ኅዳር ላይ መጽሐፉን ስሰጣት አንድ ፊደል አይታያትም ነበር ማለት ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልሽ? ልጄ መነጽር ቤት እየሠራች አላይም ልበል? ደግሞ ያን ዕለት እንደዚያ ደስ ብሎሽ… አላነበውም ብዬ ላሳዝንሽ? ይሻለኛል፣ ይሻለኛል እያልኩ ነው የከረምኩት።"

አሥራ አንድ ዓመት የሰው ዓይን ፊት ቆሜ! የእናቴን አላየሁም። ተቀይማኛለች እያልኩ ስብሰለሰል…

መሞከሪያውን ፍሬም አደረግኩላት። ሌንስ እየቀየርኩ፦ "ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?"

"ሁሉም ደህና ነው።"

"እማዬ!"

"እሺ እሺ፣ ሁለተኛው።"

ካርድ ማስያዝ የእኔ ሥራ ነው። ሌላ ካርድ የለንም። አስያዝኳት።

ጮክ ብላ ጀመረች፣ ያንን የኦፕሬተር ድምፅዋን አውጥታ፣ ጥርት አድርጋ። "ሦስተኛው መብራት በራ" ላይ ቆመች። መልሳ አነበበችው። እንደ ልማዱ ብሎኑን አላልቶ የመጣው ሾፌር ኮፍያውን አወለቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

እስከ ታች ወረደች። ጉንዳኗን መስመር፣ ስሜን ከነአባቴ ስም፣ አንድ ፊደል ሳትስት። ከዚያ መነጽሩን ሳታወልቅ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን እንዲህ ካየችው ስንት ጊዜዋ ይሆን?

"ከስተሻል" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ደግሞ ተሳስተሻል።"

"ምኑ ላይ?"

"የጠየቀው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። 'እርስዎስ ማን ነዎት?' ያልኩት እኔ ነኝ። ክልክል ነበር፣ ከሥራ ያስባርራል። ጠየቅኩት።"

"ከዚያስ?" አልን፣ እኔና ሾፌሩ እኩል።

"መጀመሪያ የልጄን አንብቤ ልጨርስ" አለች እማዬ።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። "የልጄን? አንቺ ነሽ እንዴ?! በሩቁ ነው የማውቃት ያልሽኝስ?"

ጋሼ መስታወቱን ለመጥረግ ዞር አለ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ልጅቷን ዝምተኛ ያደረግኳት እኔ ነኝ። እንደ ራሴ።

መጋቢት 17

ገጽ ሠላሳ ደርሳለች። ሁለት ጊዜ ሳቀች። የቱ ላይ እንደሆነ አልነገረችኝም።

መጋቢት 22

ጨረሰችው። ሽፋኑን እንደዚያ ቀን ዳበሰችው። "ጥሩ ነው" አለች፤ "ትንሽ ታለቅሻለሽ እንጂ።" ከዚያ እንደ ቃሏ ነገረችኝ… ግማሹን። ሰውየው ምን ብሎ እንደመለሰላት ነገረችኝ። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ምን እንደሆነ ግን፣ "እሱን ሁለተኛውን ስትጀምሪ" ብላ እጇን አጣጠፈች። ገበያ ማን አስተማራት?

ጠዋት ጠዋት ሱቅ እየመጣች ትቀመጣለች። መጽሐፍ በተሸጠ ቁጥር ተቀብላ ገጽ አርባ አንድን ትገልጣለች፤ "አንቺስ" የሚለውን በብዕር ሰርዛ ከላይ "እርስዎስ" ትጽፋለች፣ "አላት" የሚለውን "አለችው"። ሰው ያልታረመውን አልወስድም ማለት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ የሁለቱንም ቅጂዎቿን ለእርማት መልሳ አመጣች። ሬዲዮ ፎቶ አነሳቻት። እማዬ ፎቶው ላይ አትስቅም። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ሥራዋን ትሠራለች።

ስለ ፀጉር ማንም አልጠየቀም።

መጋቢት 29

ጓዳው ተጠረገ። አንድ ካርቶን ቀርታለች፣ ያቺን እማዬ እግሯን ታሳርፍባታለች። ወንድሜ አልጋውን ሊለካ መጥቶ ባዶውን ሲያይ ደነገጠ። "ለወረቀት ገዢው ሰጠሽው?" ሬዲዮ ልትጀምር ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። አንድ ቅጂ ሰጠሁት፣ የታረመ። ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የመለኪያ ሜትሩ ከእጁ ሲወድቅ አልሰማም።

ከሰዓት ደወልኩ። ከጓሮ አይደለም፣ ከሱቁ መሀል። በገዛ ድምፄ።

"የአሥር ሰዓቱ ድምፅ የሚባል መጽሐፍ ይኖራችኋል?"

"ኧረ እሱስ ጉድ አደረገኝ" አለ መጽሐፍ ሻጩ። "ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። አንዲት ድምፀ ቀጭንማ ከድሮ ጀምሮ አሳዳኛለች። ከየት እንደማመጣው አላወቅኩም እንጂ… ማን ልበል?"

የብርሃኑ ኩሬዎች ጣሪያው ላይ ይዋኛሉ። አንባቢ ነኝ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እማዬ ከምታርመው ገጽ ቀና ሳትል፣

"መልሺለት እንጂ፤ መስመር ይዘሽ አትቁሚ" አለችኝ።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ውይ!" አለ ሰውየው። "እንዳይዘጉት፣ እመቤቴ… ብዕር ላምጣ።"